አንኮበር ያረፍኩ ጊዜ

ስለ ራሴ ላጫውታችሁ ነው። ራሴ ስል እኔን ማለቴ አይደለም፤ ከአንገቴ በላይ ያለውን፣ ባርኔጣ የሚደፋበትን ማለቴ ነው። ይህ ራስ እስካለፈው ክረምት ድረስ ባዶ ነበር። ሰው ባዶ ራስ ሲባል ይቆጣል። እኔ ግን አሁን ሳስበው እንዴት ያለ ፀጋ ኖሯል እላለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቴ ከዩኒቨርሲቲው በር ትንሽ መለስ ብሎ ስለቀረ፣ ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት የጠዋት ፀሐይ እየሞቅኩ እኖር ነበር። የማስብበት ምክንያት አልነበረኝም። የሚያስብልን ሰው ነበረና፤ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ።

ደረጀ ዲሽ ሠራተኛ ነበር። ከመዘዞ እስከ አንኮበር ያልወጣበት ጣሪያ የለም ማለት ይቻላል። የሰው ቴሌቪዥን በረዶ ማዝነብ ሲጀምር ደረጀ ይጠራል፤ ቆርቆሮው ላይ ይወጣል፤ ሳህኑን በሁለት ጣቱ ነካ ያደርግና «አሁንስ?» ይላል ከላይ ሆኖ። እኔ ታች ቆሜ መሰላል እይዛለሁ። ይህን ሥራ እንዳትንቁብኝ። አንዱ ወንድም ሰማይ ሲያስተካክል ሌላው መሬት መያዝ አለበት።

ከዚያ ታመመ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። «ሞተ» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣልኝም። እኛ ዘንድ የሚሞተው የጎረቤት ውሻና የስልክ ባትሪ ነው። የወደዱት ሰው ያርፋል። ደግ ቃል ነው፤ ሰውዬው ደክሞት ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም ያለ ያስመስለዋል። ችግሩ፣ አማርኛችን ቆጣቢ ነውና በዚያው ቃል እንግዳም ያርፋል፣ መንገደኛም ያርፋል፣ አውሮፕላንም ያርፋል። የዛሬው ወጌ ይህ ቆጣቢነት ያደረሰብኝ ነገር ነው።

ሰው ሲያርፍ ልብሱ ለድሃ፣ ስልኩ ለታናሽ ነው። የደረጀ ስልክ ለእኔ ደረሰ። ያልሰሙ ደንበኞቹ ይደውላሉ። አንድ ቀን ከመዘዞ አንዲት እናት ደወሉ።

«ደረጀ ነህ?»

ወንድሙ ነኝ አልኳቸው።

«እሱስ?»

«አርፏል።»

«ደክሞት ይሆናል የኔ ጌታ፣ እንዳትቀሰቅሰው። ሲነሳ ብቻ፣ የመዘዞዋ ሴትዮ ዲሹ ጠፍቶባታል በልልኝ።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ወደ መኝታ ክፍሉ ዞር ብዬ አየሁ።

ራሴ የሞላው ከዚያ ወዲህ ነው። ለካስ ደረጀ ብቻውን ስንት ነገር ተሸክሞ ኖሯል። የእናቴ የደም ግፊት ኪኒን ከምግብ በፊት ነው በኋላ? የግቢው በር ቁልፍ ሲነክስ ወደ ላይ ነው የሚገፋው ወደ ታች? የአባታችን ተዝካር ላይ ሳይጠራ የቀረው ዘመድ የቱ ነው፣ የታረቀውስ የቱ? ይህ ሁሉ እሱ ራስ ውስጥ በሥርዓት ተደርድሮ ይኖር ነበር። አሁን ጓዙን ጠቅልሎ እኔ ራስ ውስጥ ገባ፤ ያውም ማንም ሳያስተካክለው፣ እንደ ጎርፍ። ኪኒኑን ሳስብ በሩን እረሳለሁ፤ በሩን ሳስብ ስልኩ ይጮኻል። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ሄጄ እህሉን ቤት ረስቼው፣ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ባዶ እጄን ዘረጋሁ። ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እጄን አይቶ፣ «እሱን ባንፈጨው ይሻላል» አለኝ።

ምክር በዛ። የደብረ ብርሃን ሰው ምክርና ብርድ አይሰስትም። ጎረቤታችን ጦስኝ አፍልቼ እንድጠጣ ነገረችኝ፤ ጠጣሁ፤ ከነሐሳቤ አላበኝ። ጓደኛዬ ሳሚ መናኸሪያው አጠገብ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ አለው። ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ስለሚያይ የማያውቀው በሽታ የለም። አእምሮ እንደ ስልክ ነው፣ ብዙ አፕ ስትከፍትበት ይግላል፣ የማትፈልገውን ዝጋ አለኝ። የትኛውን ልዝጋ ስለው እሱን ቪዲዮው አልነገረውም። ቀጥሎ ደግሞ በማለዳ ደጅ ቆመህ አየር በአፍንጫህ በረጅሙ ሳብ አለ። የኛን አገር የማለዳ አየር በረጅሙ የሳበ ሰው የሚያገኘውን አገኘሁ፤ ጉንፋን። ድሮ ራሴ ብቻ ነበር የተደፈነው፤ አፍንጫዬም ተጨመረ።

በዚህ መሃል ላገኘሁት ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር ሆነ። «ማረፍ አምሮኛል።» ለሳሚ «ምነው ባረፍኩት» እላለሁ። ለጎረቤት «መቼ ይሆን የማርፈው» እላለሁ። ቃሉ ከመዘዞዋ ሴትዮ ጋር ያሳየኝን እያወቅኩ ማለት ነው። ሰው ከተማረው የሚማር ቢሆን ኖሮ ዩኒቨርሲቲም በገባሁ።

በመጨረሻ አክስቴ አስካለ ከአንኮበር ላከችብኝ። ባሏ ቄስ ተክለወልድ ከአንኮበሯ ከተማ ከጎረቤላ ወጣ ብሎ ያለ ደብር አገልጋይ ናቸው። ይምጣና እኛ ዘንድ ይሰንብት፣ ትንሽ ሱባኤ ይያዝ፣ ልቡ ይረጋ አለች። እናቴም ሂድ አለችኝ። ከደረጀ ወዲህ ከዓይኗ ስር እንድርቅ አትፈልግም ነበር፤ ግን ጉንፋኔንም ሐሳቤንም ሰልችታለች መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። እንደገባህ አሳውቀኝ አለች። ሁለት ልጅ ነበረኝ፣ አሁን የማየው አንድ መንገድ ነው አለች። 

ለሐሳብ ዕረፍት ስልክ አይያዝም ብሎ ሳሚ ስለመከረኝ፣ የእኔንም የደረጀንም ስልክ እሱ ሱቅ አስቀምጬ ሄድኩ። ብልህነቴን አያችሁልኝ።

ጎረቤላ ስወርድ መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ ኔትወርኩም ተከትሎት ሄዷል። እናቴ እንዳታስብ በምን ላሳውቅ እያልኩ ስቆም እማማ ዘሃራን አየሁ። የአልዩ አምባ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ደረጀ ዲሻቸውን ሠርቶላቸው ያውቁኛል። እኔ በወረድኩባት ሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ሊሳፈሩ ነው። አደራ አልኳቸው፤ ሳሚ ለሚባለው ልጅ፣ የደረጀ ወንድም አንኮበር ቄሱ ዘንድ አርፏል፣ እናቱን ቀስ ብለህ ንገራት፣ እንዳታስብ ብሏል በሉልኝ አልኳቸው። እማማ ዘሃራ ቃል አይጨምሩም አይቀንሱም። መጨመር የነበረባቸው ያን ቀን ነበር።

ሱቁ በር ላይ የሆነውን ሳሚ በኋላ ነው የነገረኝ። እማማ ዘሃራ በርበሬያቸውን አስቀምጠው፣ «የደረጀ ወንድም አንኮበር አርፏል። ቄሱም አሉ። እናቱን ቀስ ብለህ ንገራት ብሏል። አልሃምዱሊላህ» አሉት። ሳሚ የያዘውን ስልክ ጣለ። በመከራም ጊዜ አምላኳን የምታመሰግን እንዴት ያለች ሴት ናት ብሎ አለቀሰ። እሳቸው ደግሞ ጓደኛው ናፍቆት ነው ብለው አዘኑለት። ትከሻውን እየደበደቡ፣ «አብሽር ልጄ፣ ኢንሻአላህ ትገናኛላችሁ» አሉት። ይኼኔ ጨርሶ ተንሰቀሰቀ። እማማ ዘሃራ የዘመኑ ልጅ ሆደ ባሻ ነው እያሉ ወደ ገበያቸው ሄዱ።

«ቀስ ብለህ ንገራት ብሏል ሲሉኝ፣ የተናዘዝከው መሰለኝ እኮ» ይለኛል ሳሚ እስከ ዛሬ።

ወደ አንኮበር ቢደውል ስልክ የለም። በሐዘን ላይ ስለሆኑ ዘግተውት ነው አለ። ከዚያ ለዘመድ መደወል ነበረበት፤ የዘመድ ሁሉ ቁጥር ያለው ደግሞ በደረጀ ስልክ ነው። በዚያው ደወለ። አሁን እስቲ አረርቲ ያለውን አጎቴን ጋሽ ከበደን አስቡልኝ። ሽምብራ እያስጫነ ነው። ስልኩ ጮኸ፤ ቢያየው «ደረጀ» ይላል። አርባው የወጣለት ደረጀ። አንስቶ ጆሮው ላይ ሲያደርገው ማዶ ያለው ሰው እያለቀሰ ወንድሙም አረፈ አለው። ጋሽ ከበደ ሽምብራው ላይ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ዜናውን የነገረው ደረጀ ራሱ ይመስለው እንደነበር አጫውቶኛል።

ዕድሩ መከረ። በእኛ ወግ መርዶ ዝም ብሎ አይወረወርም፤ በተለይ ሌላ ልጅ ቀብራ እንባዋ ላልደረቀ እናት። ስለዚህ ተስማሙ፤ ጋሽ ከበደና ጥቂት ጎበዞች በእሱ አይሱዙ የሬሳ ሳጥን ጭነው ማልደው አንኮበር ይሄዳሉ፤ አስከሬኑን ይዘው ሲመለሱ፣ መኪናው ኬላው ጋ ብቅ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ወደ እናቴ ገብተው ይነግሯታል። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ስልኳንም አንዷ ጎረቤት ቻርጅ ላድርግልሽ ብላ ወሰደችባት።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ቄስ ተክለወልድ ቤት ላለማሰብ እየታገልኩ ነበር። አለማሰብን ማሰብ ከሐሳብ ሁሉ የከፋ ነው። ቁልቁል ቆላው በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ደመናው ከእግሬ በታች ነው። ፀጥታው እንዴት ያምራል ስል፣ ማዶ ያለ ቤት ጣሪያ ላይ ዲሽ አየሁ። ሽቦውን ሁለት ጊዜ አዙሮ የሚቋጥር ደረጀ ብቻ ነው። ሰው አርፎ እጁ በየጣሪያው ሰማይ እያየ ይቀራል? ለቄሱ ነገርኳቸው፤ ሐሳቤን ላባርረው ብል ይመለሳል አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ጭላዳን ከገብስ ማሳ አባሮ የጨረሰ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? ተራ ገብቶ መጠበቅ ነው እንጂ። ብቻውን የሚጠብቅ ነው የሚበላበት» አሉኝ። እኔ ጸሎት ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ ጭላዳ ስላወሩኝ ቅር ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከጓዳ ሆኜ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ቄሱ ደጅ ወጡ። ጋሽ ከበደ ከአይሱዙው ወርዶ መስቀል ተሳለመ። ከኋላው ጎበዞቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። የተባባሉት ቃል በቃል ይኸው ነው።

«ልጃችን እርስዎ ዘንድ አርፎ ነው አባቴ።»

«አዎን፣ እዚሁ ነው ያረፈው» አሉ ቄሱ። «ደግ አደረጋችሁ መጣችሁ።»

«የት አደረጋችሁት?»

«ከጓዳ ነው። ብርዱ እንዳይጎዳው ብለን።»

ጋሽ ከበደ ፊቱን በእጁ ጠረገ። «መቼ ይነሳል?»

«እርቦት ሲነሳ ነዋ» አሉ ቄሱ።

ይህን ጊዜ ነው እኔ ማን መጣ ብዬ፣ ነጭ ጋቢ ከራስ እስከ እግሬ ተከናንቤ፣ በጉንፋን በተዘጋ ድምፅ «ጋሼ?» እያልኩ ብቅ ያልኩት። ከጎበዞቹ አንዱ አጥር ዘለለ። ሌላው ተንበርክኮ ያለፈ ኃጢአቱን መዘርዘር ጀመረ፤ ያልጠረጠርነውም ነገር ወጣ። ጋሽ ከበደ ግን የቆላ ሰው ነው፤ ቀረበኝና ክንዴን ጨበጠው። ትኩስ ነው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ተቆጣ።

«ደህና ከሆንክ ምን አባክ ታርፋለህ?»

ነገሩ እስኪገባን ትንሽ ጊዜ ፈጀ። ሲገባን ሁላችንም ሳቅን፤ አክስቴ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ሳቁን ያቆምኩት እኔ ነኝ። «እማስ?» አልኩ።  ወደ አይሱዙው ሮጥን።

ፊት ወንበሩ ስለሞላ እኔ ከኋላ ከሳጥኑ ጋር ተጫንኩ። የማየው ሳጥን የእኔ ነው። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ትንሽ ያጥራል እንጂ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሳጥኑን እያየ ቆቡን ያወልቃል፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ይለናል። ሐዘንተኛው እኔ ስለምመስል «አሜን» እላለሁ። ምን ላድርግ፣ መኪና ላይ ሆኖ ይህ ሁሉ አይብራራም።

ደብረ ብርሃን ሲቃረብ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝና የሹፌሩን ጣሪያ ደበደብኩ። መርዶው የሚነገራት ይህ መኪና ሲታይ ነው። እኛ በፈጠንን ቁጥር እየፈጠነ ያለው መርዶው ነው። ጋሽ ከበደ ፍሬን ያዘ፤ ራሱን ያዘ። ሳጥኑን እናውርድ ተባባልንና አንድ ገበሬ ግቢ ይዘን ገባን። ገበሬው ለማን ነው አለ።

«ለእኔ ነበር» አልኩት። «ቀረ።»

አየኝ፣ ሳጥኑንም አየ። መቅረቱ መልካም ነው፣ ግን ከቤቴ ራቅ አድርጉት አለ። ጭድ ስር ሸሸግነው።

ግን አይሱዙውንስ ማን ያጣዋል? ጋሽ ከበደና ጎበዞቹ እዚያው ቀሩ። እኔ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ባጃጅ ያዝኩ። ባለ ባጃጁ ወሬኛ ነው፤ እንደተነሳን የዲሹ ደረጀ ወንድም አረፈ፣ ሰማህ አለኝ። አልሰማሁም አልኩት። ጥሩ ልጅ ነበር፣ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ነው እንጂ አለ። የምከራከርበት ጊዜ አልነበረም። ቀጠለና፣ ታላቁ ግን ልዩ ሰው ነበር፣ እሱ የገባበት ቤት ሳቅ ይገባል፣ እኔ እስከ ዛሬ ባጃጄን ሳስነሳ መሰላሉን ተሸክሞ ከጥጉ ብቅ የሚል ይመስለኛል አለ። ጋቢዬን ይበልጥ ሳብኩት። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል ማለት ፈልጌ ነበር።

በጓሮ በኩል ገባሁ። ግቢያችን ሰው በሰው ነው። ሁሉም ጥቁሩን ከካፖርቱ ስር ደብቆ ስለ ገብስና ስለ ውርጭ ያወራል። ያዩኝ አፋቸውን ያዙ፤ በእጄ ዝም በሉ አልኳቸውና አለፍኩ።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ማንም ምንም አልነገራትም። ግን ጎረቤት ሁሉ ፀሐይ ሳይወጣ እንዲሁ ልጠይቅሽ ብዬ ነው እያለ ሲመጣ፣ እናቴ ሞኝ አይደለችም፤ ክረምት ላይ አይታዋለች። የሚቀራት ሰዎቹ አፍ አውጥተው መናገራቸው ብቻ ነበር፤ ተቀምጣ ያንን ትጠብቃለች።

ቀና ብላ አየችኝ። አልተነሳችም። ብዙ አየችኝ።

«ቀረብ በል» አለች።

ቀረብኩ። እጇን ሰድዳ ጆሮዬን ያዘችው።

«ጆሮህ በርዷል።»

«መኪና ላይ ከኋላ ተጭኜ ነው የመጣሁት፣ እማ።»

ያን ጊዜ ደረቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች። የተጠራቀመው ሰው ተከትሎ አለቀሰ፤ ለዚያ ተዘጋጅቶ መጥቶ ነበርና አላቃተውም። ቀስ እያለ ነገሩ ተነገረ። አንዱ ሽማግሌ «አርፏል ማለቱ እኮ አድሯል ለማለት ነው» ብሎ ሲያስረዳ ሳቅ ከጥግ ተነሳ፤ ወደ ደጅ ወጣ፤ ግቢው ሁሉ ሳቀ። ሳሚ ከበሩ ጀርባ ቆሞ የሚገባበት ጠፍቶታል። እናቴም ሳቀች። ከክረምት ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም ነበር፤ እንደሚስል ሰው ነበር የሳቀችው፣ ረስታው።

ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

«የደረጀስ?» አለች።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«የእሱንስ ማን ነው የነገረን? በደንብ ሰምታችሁ ነው?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። መልስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሆስፒታል አብሬው የነበርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንዴት እንዳረፈ እሷ አልጠየቀችኝም፣ እንዳታስታውስ ብዬ እኔም አልነገርኳት። አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠን እያንዳንዳችን ለብቻችን ይዘነው ነበር።

«እኔ ነበርኩ፣ እማ» አልኳት።

«አውቃለሁ።» ነጠላዋን በጣቷ እየነካካች ቆየች። «ምን አለ?»

«መስኮቱን ክፈትልኝ አለኝ።»

«ከፈትክለት?»

«ከፈትኩለት።»

«ነፋስ ነበር?»

«ትንሽ ነበር። ፊቱን ወደዚያ አዞረ።»

«ጎሽ» አለችኝ። «ጎሽ የኔ ልጅ።»

ሰዎቹ ቀስ ብለው፣ ወንበር ሳያንኳኩ፣ አንድ በአንድ ወጡ። እናቴ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ እንዳትነቃ ብዬ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ። ራሴ ውስጥ ያን ጊዜ ኪኒንም ቁልፍም ዘመድም አልነበረም። አንድ የተከፈተ መስኮት ብቻ ነበረ፤ ወንድሜም ፊቱን ወደ እሱ አዙሯል።